በአፈር ውስጥ ስለ ተሰወረው የአትክልተኛ ረዳት

ትል የሚለው ቃል በቋንቋችን መልካም ስም የለውም። ሰው የናቀውን ትል ይለዋል፤ የበሰበሰውን ነገር ትል ወረሰው ይባላል፤ መጻሕፍትን የሚያውቁ አንባቢዎቻችንም ትል ሲባል ፈጥኖ ትዝ የሚላቸው የነቢዩን የዮናስን ቅል ሲነጋ መትቶ ያደረቀው ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ዓይነት ትል በጎ ነገር ለመጻፍ ስንነሣ ነገሩ ለብዙ ሰው እንግዳ እንደሚሆን እናውቃለን። የምንጽፈው ግን አትክልትን ስለሚበላው ትል አይደለም፤ ያንን አትክልት በላ ትል ከሆዱ ገብቶ ስለሚገድለው፣ ዐይን አጥርቶ ስለማያየው ስለ ሌላው ትል ነው እንጂ። የዚህ ጥናት ሊቃውንት ኔማቶድ ይሉታል። በኢትዮጵያ አፈር ውስጥ መኖሩ ተመርምሮ ከታወቀ 20 ዓመት አልፎታል፤ እንዲያውም ከመካከሉ አንደኛው ወገን ስሙን ከይርጋለም ከተማ ወስዶ በዓለም የሳይንስ መዝገብ ተጽፏል። ይህ ሁሉ ሲሆን ለአትክልተኛችን ደርሶ የዘወትር መሣሪያ አልሆነለትም። ስለምን እንዳልሆነና እንዴት ሊሆን እንደሚችል ማመልከት የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው።

ነገሩን ከአንድ ቦታ ይዞ ማየት ይሻላልና ግራናን እንውሰድ። ግራና በሰሜን ወሎ በሀብሩ ወረዳ የምትገኝ ስትሆን፣ ስሟ የቆቦ ግራና ሸለቆ ተብሎ በሚጠራው ለም ሜዳ ስም ውስጥ ገብቶ በግብርና ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ነው። በዚህ ሸለቆ ገበሬው ዝናምን ብቻ ጠብቆ አይኖርም፤ የወንዙን ውኃ በቦይ እየመራ፣ በአንዳንዱም ቦታ ከመሬት በታች ያለውን ውኃ በሞተር እየሳበ፣ በበጋ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በርበሬም ይተክላል፤ ብርቱካንና ማንጎም አለው። ከመርሳ እስከ ወልድያ በመንገዱ ዳር ለመንገደኛ የሚሸጠው ፍሬ የዚህ ድካም ውጤት ነው። ነገር ግን መሬቱ በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲታረስና ሁልጊዜ ለምለም ሆኖ ሲታይ ተባዩም እንደዚሁ ያለ ዕረፍት ይራባል። ድሮ በጋ መጥቶ ሣሩ ሲደርቅ የሚያልቀው ትል አሁን ከሽንኩርቱ ወደ ቲማቲሙ፣ ከቲማቲሙ ወደ በቆሎው እየተዛወረ ዓመቱን ይዘልቃል። መስኖ ለገበሬው በረከት እንደ ሆነ ሁሉ ለጠላቱም ማዕድ ሆኖለታል።

በዚህም ላይ በአገራችን ከዚህ ቀደም ያልነበሩ ተባዮች ከባሕር ማዶ መጡ። የቲማቲምን ቅጠልና ፍሬ እየፈለፈለ የሚያደርቀው ቱታ አብሶሉታ የተባለው የእሳት ራት ልጅ የደቡብ አሜሪካ ፍጥረት ነው፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2006 በእስጳኝ ታየ፤ በ2012 ደግሞ በኢትዮጵያ መግባቱ ተረጋገጠ። መጤው ተምችም በ2009 ዓ.ም. ከደቡብ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ የአገሩን በቆሎ አዳረሰ። የማሽላውን ዘለላ ገና በወተቱ የሚመጠምጠው ጥንዚዛ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1993 ወዲህ፣ በአማራና በአፋር ወሰን ያሉትን ቆላዎች ያስጨነቀ ነው። ችግኝን ከግንዱ በሌሊት የሚቆርጠውን ቆራጭ ትል ባላገሩ ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቀዋል።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ላይ ገበሬው ያለው መሣሪያ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መርዝ ነው። ባላገሩ ግን መርዝ አይለውም፤ መድኃኒት ይለዋል። በዚህ ስም ምክንያት ስንት ጉዳት እንደ ደረሰ የሚቈጥረው ሰው ቢገኝ መልካም ነበር። መድኃኒት የተባለ ነገር አይፈራምና፣ መስኖ ባለበት አገር ሁሉ እንደሚታየው፣ ሰውየው ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ በባዶ እግሩ መርጫውን በጀርባው አዝሎ በነፋስ ፊት ይረጫል፤ መለኪያው የጠርሙስ ክዳን ነው፤ ሁለት ሦስቱን ዓይነት በአንድ ላይ ደባልቆ ይበጠብጣል፤ ባዶውን ዕቃ ሚስቱ አጥባ የውኃ ወይም የዘይት መያዣ ታደርገዋለች። ቲማቲሙ ዛሬ ተረጭቶ በነጋታው ገበያ ይወጣል። ንቡም በአበባው ላይ እንዳለ ይሞታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ብዙ ከተረጨ በኋላ መርዙ ተባዩን መግደል መተዉ ነው፤ በመጀመሪያው ርጭት ከመቶው ጥቂቱ በተፈጥሮው ጠንክሮ ይተርፋል፤ የተረፈውም ይራባል፤ ልጆቹም እንደ አባታቸው ጠንካሮች ይሆናሉ። ቱታ አብሶሉታ በብዙ አገር ብዙውን ዓይነት መርዝ በመልመዱ የታወቀ ነው። በዚህ ጊዜ ገበሬው የሚያደርገው መጠኑን መጨመር ነው፤ ነጋዴውም የሚመክረው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ወደ ትሉ እንመለስ።

ይህ ትል ርዝመቱ ከግማሽ ሚሊሜትር እስከ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከአፈር ውስጥ በእርጥበት እየዋኘ ይሄዳል። በአፈሩ ውስጥ ሲጓዝ አይበላም፤ አፉ የተዘጋ ነው፤ በሰውነቱ ባከማቸው ስንቅ ይኖራል። በአንጀቱ ግን አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይዞ ይዞራል። ሥሩን የሚበላ ዕጭ ወይም ለመለወጥ ወደ አፈር የወረደ የእሳት ራት ልጅ ሲያገኝ በአፉ፣ ወይም በመቀመጫው፣ ወይም በጎኑ ባሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ይገባል። ገብቶም ያን ባክቴሪያ በተባዩ ደም ውስጥ ይተፋዋል። ባክቴሪያው እጅግ ፈጥኖ ይበዛል፤ ተባዩም ብዙውን ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይሞታል። ከዚህ በኋላ ትሉ የሞተውን ሥጋና ባክቴሪያውን እየተመገበ እዚያው በሬሳው ውስጥ ይወልዳል፤ ልጆቹም ይወልዳሉ፤ ምግቡ ሲያልቅ ከአንድ ትልቅ ዕጭ ሬሳ መቶ ሺህና ከዚያም የሚበልጡ አዳዲስ ትሎች ባክቴሪያውን እንደ አባቶቻቸው በአንጀታቸው ይዘው ሌላ ተባይ ፍለጋ ይወጣሉ። ትሉ ያለ ባክቴሪያው አቅም የለውም፤ ባክቴሪያውም ያለ ትሉ ከአንዱ ተባይ ወደ ሌላው መሄጃ የለውም። የእነዚህ የሁለቱ ማኅበር እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሄቴሮራብዳይቲስ የተባለው ወገን የገደለው ዕጭ መልኩ እንደ ጡብ ይቀላል፤ በጨለማ ቤት ቢያዩት ደካማ ብርሃን ይሰጣል። ስታይነርኔማ የተባለው የሌላው ወገን ሬሳ ግን አያበራም።

ሰውንና ከብትን ይጎዳ ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እንደዚህ ያለው ትልና ባክቴሪያው በአብዛኛው ከነፍሳት ወገን ካልሆነ ፍጥረት ውስጥ አይኖርም፤ የሰውና የእንስሳ ሰውነት ሙቀትም በአብዛኛው አይስማማውም። የአትክልት ሥር አይነካም፤ አፈር የሚያለማውን የመሬት ትልም አያጠፋም። በዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር መለየት አለብን። ከኔማቶድ ወገን አትክልትን የሚጎዳም አለ፤ የቲማቲምን ሥር ነቅለን ስናይ እንደ እባጭ ቋጥሮ የምናገኘው በዚያ ክፉ ኔማቶድ ነው። ስማቸው አንድ ቢሆንም ግብራቸው ለየቅል ነው፤ ስንዴና እንክርዳድ በአንድ ማሳ እንደሚበቅሉ ያለ ነው።

የዚህ ዕውቀት ታሪክ አዲስ አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1929 ሩዶልፍ ግላዘር የተባለ ሊቅ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ ግዛት የጃፓን ጥንዚዛ የተባለውን የሣር ሥር በላ ሲመረምር ዕጩን በዚህ ትል ሞቶ አገኘው። ከዚያም ትሉን በሰው እጅ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ማራባት ቻለና በ1930ዎቹ በብዙ ቦታ በመሬት ላይ በትኖ ሞከረው። ሥራው መልካም ጅምር ነበር። ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ የተባለው መርዝ ወጣ፤ ርካሽ ሆነ፤ ፈጥኖም ገደለ፤ ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረና ትሉ ለብዙ ዘመን ተረሳ። የዲዲቲ ጥፋት በግልጽ ከታወቀ ወዲህ ነው ሊቃውንቱ ወደ ተዉት ነገር የተመለሱት። በ1985 በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት የግጦሹን ሣር ሥር ከታች እየቆፈረ ያጠፋ የነበረውን የፌንጣ ዘመድ ለመቃወም ስታይነርኔማ ስካፕተሪሲ የተባለውን ትል ከኡራጓይ አምጥተው ለቀቁት፤ ትሉም እዚያው ለምዶ፣ ያለ ሰው ድካም እየተራባ ተባዩን ቀነሰው። ዛሬ በአውሮጳና በአሜሪካ አትክልተኛው ትሉን በትንሽ ከረጢት ከገበያ ገዝቶ፣ በውኃ በጥብጦ ያፈስሰዋል።

በእኛ አገር የሆነው ግን ልብ ያለው ሰው ሊያስበው የሚገባ ነው። ተስፋማርያም መከተ የተባለው ኢትዮጵያዊ የተክል ጥበቃ ተመራማሪና ባልንጀሮቹ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍል አፈር እየወሰዱ ይህን ትል ፈለጉ፤ አገኙም። ከተገኘው መካከል በሲዳማ ከይርጋለም የመጣው ከዚህ ቀደም በዓለም ያልታወቀ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2004 ስታይነርኔማ ይርጋለሜንሴ ተብሎ ተሰየመ። በ2012 ደግሞ ከኢትዮጵያ አፈር የተገኘ ሌላ አዲስ ወገን ስታይነርኔማ ኢትዮጵየንሴ የሚል ስም ተሰጠው። የገብስን ሥር በሚበላው የጥንዚዛ ዕጭ ላይም የአገራችን ትሎች ተሞክረዋል። ይህን ሁሉ የሠሩት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ከዚህ በኋላ ግን የይርጋለሙ ትል ነገር በእኛ ዘንድ ከመጽሔት ገጽ ወጥቶ ወደ ማሳ አልወረደም።

በደቡብ አፍሪካ ግን ወረደ። የስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በአገራቸው የብርቱካን ማሳ አፈር ውስጥ ይህንኑ ይርጋለሜንሴ የተባለውን አገኙት፤ በ2011 ይህን ጻፉ። የብርቱካንን ፍሬ ገብቶ የሚበላው የእሳት ራት ልጅ ጠግቦ ሲያበቃ በክር ወደ አፈር ወርዶ እዚያ ይለወጣል፤ ትሉም እዚያ ይጠብቀዋል። ሊቃውንቱ ትሉ ይህን ተባይ እጅግ በብዛት እንደሚገድል አይተው በትልልቅ የብርጭቆ ዕቃ በፈሳሽ ምግብ ማራባቱን ደክመውበታል፤ በፖም ተባይ ላይም ሞክረውታል። እንግዲህ ሌላው አገር ሀብታችንን ሰረቀን ማለት አይገባም፤ በራሳቸው አፈር ያገኙትን ነው የሠሩበት። የሚያስቆጨው ሌላ ነው፤ በስማችን የተጠራውን ነገር ጥቅም ከእኛ ይልቅ ሌሎች ማወቃቸው ነው። ይኸው የብርቱካን የእሳት ራት በእኛም አገር በአዋሽ ሸለቆ የብርቱካን እርሻዎች የታወቀ ተባይ ነው።

በአገራችንም ሕያው ፍጥረትን በተባይ ላይ ማሠማራት ጭራሽ የማይታወቅ አይደለም። በዝዋይና በአካባቢው ያሉት ታላላቅ የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳውን የሚያደርቀውን ቀይ ሸረሪት ለማጥፋት ሌላ ደቃቅ አዳኝ ፍጥረት ከውጭ አገር እየገዙ በቅጠሉ ላይ ይበትናሉ። ይህን የሚያደርጉት የአውሮጳ ገዢ የመርዝ ቅሪት ያለበትን አበባ ስለማይወድድ ነው። አበባው አይበላም፤ ቲማቲሙ ይበላል። ለአውሮጳ ሰው ጠረጴዛ ጌጥ የሚሆነው ጽጌረዳ ከመርዝ ሲጠበቅ፣ የወልድያ ሕፃን የሚበላው ቲማቲም ሳይጠበቅ መቅረቱ ለምን እንደ ሆነ መልስ የሚሰጠን ሰው ብናገኝ ደስ ይለናል።

ነገር ግን ትሉን ከሚገባው በላይ ማመስገን ገበሬውን ማታለል ስለ ሆነ ደካማነቱንም እንናገር። ፀሐይ ይገድለዋል፤ ድርቀት ይገድለዋል። በቀትር በደረቀ አፈር ላይ የረጨው ሰው ገንዘቡን በመንገድ እንደ በተነ ይቈጠራል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ መደቡ ውኃ በጠጣበት ምሽት ሊረጭ ይገባዋል፤ ለዚህ ነው መስኖ ያለበት ግራና ከደረቁ ደጋ ይልቅ የሚስማማው። ማንጎውን የወረረው ነጭ ቅርፊት መሰል ተባይ በቅጠሉ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ስለ ሆነ ትሉ አይደርስበትም። የሽንኩርቱ ትሪፕስም አብዛኛው ዕድሜው በቅጠሉ መካከል ስለ ሆነ፣ ለለውጥ ወደ አፈር በሚወርድበት ጥቂት ቀን ብቻ ቢገናኙ ነው። በቆራጭ ትል፣ በጥንዚዛ ዕጭ፣ ከብርቱካኑ በሚወርደው ትል ግን ተስፋው ይበልጣል። በቱታ ላይም በሌሎች አገሮች ተሞክሮ ትሉ በቅጠሉ ውስጥ እስከ ገባው ልጅ ድረስ ገብቶ መግደሉ ታይቷል፤ ነገር ግን ቅጠል ቶሎ ስለሚደርቅ ሥራው ከአፈሩ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። የማሽላው ጥንዚዛ ዕጩ በዛፍ ጥላ ሥር ባለ አፈርና በከብት አዛባ ውስጥ የሚያድግ ነውና፣ ለትሉ የተመቸ ይመስላል፤ ይህ ግን በቦታው ተሞክሮ ሊረጋገጥ የሚገባው ነው።

ሁለተኛው ችግር ትሉ በመጋዘን የማይቀመጥ መሆኑ ነው። በቀዝቃዛ ቦታ ቢቀመጥ ከጥቂት ሳምንት እስከ ጥቂት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ይሞታል። ይህ ነገር ለመሥሪያ ቤቶቻችን ልማድ አይስማማም። እኛ ዕቃ በጨረታ ገዝተን፣ በግምጃ ቤት አስገብተን፣ በሚቀጥለው ዓመት ማከፋፈል የለመድን ነን። መርዙ ለዚህ አሠራር ምቹ ነበር፤ ነገር ግን ምቾቱ ምን እንዳስከተለ አንርሳ። በየግምጃ ቤቱ ጊዜው አልፎበት የተከማቸ ከሺህ ቶን የሚበልጥ መርዝ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ በበርሜል እየታሸገ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ እዚያ በእሳት እንዲቃጠል ተደርጓል። የገዛነውን ለመጣል ደግሞ ሌላ ገንዘብ ወጣ ማለት ነው። ትሉ ቢበላሽ ግን የሚሆነው ውኃ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ብዛቱ ነው። የተለመደው መጠን በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር አፈር 25 ትል ነው፤ ይህም በአንድ ሄክታር ሁለት ቢሊዮን ተኩል ይሆናል። ቍጥሩ ሰውን ያስደነግጣል፤ ግን በረጋ መንፈስ እናስላው። ትሉን ለማራባት ቀላሉ ዘዴ ሰም የሚበላውን ትል መጠቀም ነው፤ ንብ የሚያነቡ ሰዎች ሁሉ በደከመ ወይም በባዶ ቀፎ ውስጥ ሰሙን እየፈለፈለ ሲያጠፋ ያውቁታል። ከአንዱ የሰም ትል መቶ ሺህ ብቻ ይገኛል ብንል፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ የጓሮ መደብ 250 የሰም ትል ይበቃል፤ ለአንድ ጥማድ 6,250፣ ለአንድ ሄክታር ደግሞ 25,000 ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ የሁለት ሰዎች ሥራ ነው፤ የመጨረሻው የፋብሪካ ሥራ ነው። ስለዚህ ከጓሮና ከችግኝ መደብ እንጀምር የምንለው በፍርሃት ሳይሆን በሂሳብ ነው። የችግኝ መደብ ትንሽ ናት፤ ሁልጊዜ ውኃ ታገኛለች፤ ቆራጭ ትሉ ቀድሞ የሚያጠፋውም እርስዋን ነው።

ፋብሪካውስ ቢሆን ከአፍሪካ አቅም በላይ አይደለም። ትንሺቱ ሩዋንዳ በሩቦና ባለው የግብርና ምርምር ጣቢያዋ ይህን ትል የሚያራባ ሥራ አቋቁማለች፤ ከራስዋ አፈር የተገኘውንም ትል ሊቃውንቱ እንደ ሙጫ ባለ ፈሳሽ ለውሰው በበቆሎው እምብርት ውስጥ በመጨመር በመጤው ተምች ላይ ሞክረውታል፤ ውጤቱም ከሚረጨው መርዝ ጋር የሚወዳደር እንደ ሆነ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2022 ተጽፏል። ለውሱ ትሉን ከድርቀት ይጠብቀዋል። ከሩዋንዳ መማር ያለብን ከሁሉ በፊት ግን የራስዋን አፈር መፈለግዋን ነው።

ይህን የምንልበት ምክንያት አለን። ይርጋለም ዝናም የሚበዛባት አገር ናት፤ ግራና ደግሞ ቆላማና ደረቅ ናት። የዚያ አገር ትል በዚህ አገር ሙቀት እንደዚያው ይሠራል ብሎ መፍረድ አይቻልም። የሀብሩን ሙቀትና የሀብሩን ተባይ የለመደ ትል ካለ የሚገኘው በሀብሩ አፈር ውስጥ ነው። ከውጭ አገር ትል ማስመጣት ግን፣ ለፍሎሪዳ ቢጠቅምም፣ የመጨረሻው አማራጭ ሊሆን ይገባል፤ አንድ ጊዜ የተለቀቀ ሕያው ፍጥረት ተመልሶ አይሰበሰብምና።

ለዚህ ሥራ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። የስሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል እዚያው በሀብሩ ወረዳ ነው። የወልድያ ዩኒቨርሲቲም የግብርና ትምህርቱን የሚሰጥበት ግቢ በመርሳ አለው። እነዚህ ሁለቱ ከግራና መስኖ አጠገብ መሆናቸው ሌላ ወረዳ የማያገኘው ዕድል ነው። የሚጎድለው ይህ ሥራ የእናንተ ነው ብሎ የሚያዝዝ፣ ለሦስትና ለአራት ዓመትም ሳያቋርጥ አነስተኛ በጀት የሚመድብ ሹም ነው። እዚህ ላይ ለባለ ሥልጣኖች የምናቀርበው ልመና አለ፤ ነገሩን እባካችሁ ዘመቻ አታድርጉት። በአንድ ወር ውስጥ ይህን ያህል ሺህ ገበሬ ተጠቃሚ ሆነ የሚል ሪፖርት ከተጠየቀ፣ የሞተ ትል ይታደላል፤ ገበሬውም አንድ ጊዜ ከተታለለ ዳግመኛ አያምንም። 20 ጓሮ በመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። ግማሹ መደብ በትሉ፣ ግማሹ እንደ ወትሮው ይሁንና ባለቤቱ ራሱ በዐይኑ ይፍረድ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር የሚናገረው አዋጅ ቍጥር 674 መርዝን ለመቆጣጠር የታሰበ መልካም ሕግ ነው፤ አስፈጻሚዎቹ ግን ከአገሩ አፈር ወጥቶ ወደ አገሩ አፈር የሚመለሰውን ትል ከባሕር ማዶ ከሚመጣ መርዝ ጋር በአንድ ዐይን አይተው ተመራማሪውን በወረቀት እንዳያደክሙት ያስፈልጋል።

ለካህናት አንባቢዎቻችንም የምንለው አለን። ትሉ በብዛት የሚገኘው ባልታረሰ፣ መርዝ ባልነካው፣ ጥላ ባለው አፈር ውስጥ እንደ ሆነ ይታሰባል። በወሎ ቆላ እንዲህ ያለ መሬት ዛሬ ከየት ይገኛል? ጥዱና ወይራው፣ ዋርካውና ሾላው ሳይቆረጥ የቆየው በየደብሩ ቅጽር ውስጥ ነው። አባቶቻችን ደኑን የጠበቁት ለቤተ ክርስቲያን ክብር ብለው ነው፤ ከደኑ በታች ያለውን ሕያው ፍጥረት ሁሉ ሳያውቁት አብረው ጠብቀውታል። ስለዚህ ከመርሳ ግቢ ተማሪ መጥቶ ከዛፉ ሥር አንድ ማንኪያ አፈር ልውሰድ ቢል፣ የደብሩ አለቃና ሰበካ ጉባኤው በደስታ እንዲፈቅዱለት እንለምናለን። የሚነካ መቃብር የለም፤ የሚቆረጥ ቅርንጫፍም የለም። አፈሩ በትንሽ ዕቃ ሆኖ እርጥብ ይደረጋል፤ ጥቂት የሰም ትሎች ይጨመሩበታል፤ በሳምንት ውስጥ ቢሞቱና መልካቸው ቢቀላ ወይም ወደ ቡናማ ቢለወጥ፣ ትሉ በአፈሩ ሳይኖር አይቀርም ተብሎ በአጉሊ መነጽር ይመረመራል። ሬሳው በውኃ መካከል በእርጥብ ወረቀት ላይ ቢቀመጥ ከጥቂት ቀን በኋላ ትሎቹ ወጥተው በውኃው ውስጥ ይሰበሰባሉ። ምርመራው ከዚህ የሚበልጥ ወጪ የለውም። ከቅዳሴም በኋላ ለሕዝቡ ስለ ልዩ ልዩ ነገር ሲነገር፣ የመርዝ ዕቃ አጥቦ ውኃ መቅዳት እንደማይገባ አንድ ቃል ቢጨመርበት፣ ይህ የትሉን መምጣት ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሊደረግ የሚችል ነው።

አፈሩን ለመሰብሰብ የሚሻለው ወራት ክረምቱ አልፎ መሬቱ ገና ሳይደርቅ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ የበጋው የሽንኩርትና የቲማቲም ችግኝም በዚሁ ገደማ በመደብ ላይ ይሆናል። የመርሳ ተማሪዎች ለመጀመሪያው ሥራ ማንኪያና የላስቲክ ከረጢት፣ አንድ አጉሊ መነጽር፣ ከጎረቤት ንብ አንቢም የሰም ትል የገባበት አንድ አሮጌ ቀፎ ያስፈልጋቸዋል።